ሙቀቱን የማይሸሽግ ስልክ፦ በኦቨርክሎክ ለወራት ከተጠቀምሁበት በኋላ

ይህን ስልክ የገዛሁት ቡትሎደሩ (ስልኩ ሲበራ ሥርዓቱን የሚያስነሣው ፕሮግራም) ስለሚከፈትና ፕሮሰሰሩን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ለማስኬድ፣ ማለትም ኦቨርክሎክ ለማድረግ፣ ስለሚመች ነበር። ከወራት አገልግሎት በኋላ አጥብቄ የምከራከርለት ግን በፍጥነቱ ምክንያት ሳይሆን፣ በውስጡ የተተከሉት የሙቀት ሴንሰሮች በየስማቸው ተለይተው ለባለቤቱ የሚነበቡ በመሆናቸው ነው። ካሜራው፣ ስክሪኑና ድምፅ ማጉያው ከአንድ ጥሩ ስልክ የሚጠበቀውን ያህል ይሠራሉ። ስለ ሙቀት ንባቡ ግን ሻጭም ማስታወቂያም አንድ ቃል አይተነፍስም፤ እኔ ደግሞ ስልኩን ወድጄ የቀረሁት በዚሁ ነው።

አንድሮይድ ለማንኛውም መተግበሪያ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚሰጠው የዲግሪ ቁጥር የባትሪውን ሙቀት ነው። ቁጥሩ በዲግሪ አስረኛ ተሰልቶ ስለሚላክ 385 ተብሎ የመጣው 38.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ማለት ነው። ይህንኑ የባትሪ ቁጥር ወስደው «የፕሮሰሰር ሙቀት» የሚል ስም የሚለጥፉበት መተግበሪያዎች ጥቂት አይደሉም፤ ስልኩን ከፋብሪካ እንደ ወጣ ለሚጠቀም ሰው ይህ ትንሽ ግድፈት ሊሆን ይችላል፣ ኦቨርክሎክ ላደረገ ሰው ግን አደገኛ ማሳሳቻ ነው። ባትሪው ትልቅና ከባድ በመሆኑ ቀስ ብሎ ይሞቃል፤ ፕሮሰሰሩ ግን ከጥፍር ብዙም የማይበልጥ ስስ ሲሊከን ስለሆነ ከባድ ሥራ ሲጫንበት ሙቀቱ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ በአሥራዎች ዲግሪ ይዘላል። የባትሪውን ቁጥር እያዩ ስለ ፕሮሰሰሩ መወሰን የእሳቱን ኃይል ለማወቅ የማድ ቤቱን ግድግዳ እንደ መዳሰስ ነው። በእኔው ስልክ ላይ ጌም በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ባትሪው ከ36 ዲግሪ ፈቅ ሳይል ፈጣኖቹ ኮሮች (ሥራውን የሚከፋፈሉት የፕሮሰሰሩ ክፍሎች) ከ80 አልፈው ሲሄዱ ደጋግሜ አይቻለሁ።

እውነተኛው ንባብ ያለው ከርነሉ፣ ማለትም ሃርድዌሩን በቀጥታ የሚያዘው የሥርዓቱ እምብርት ዘንድ ነው። አንድሮይድ የቆመበት ሊኑክስ እያንዳንዱን ሴንሰር የሙቀት ዞን አድርጎ ይመዘግበዋል፤ እያንዳንዱ ዞን አንድ ስምና አንድ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩም በዲግሪ ሺኛ ስለሚጻፍ 45000 ማለት 45 ዲግሪ ነው። በአሁኖቹ የአንድሮይድ ስሪቶች በብዙ ስልኮች ላይ ተራ መተግበሪያ እነዚህን ፋይሎች እንዳያነብ ስለተከለከለ ስልኩን ሩት ማድረግ፣ ማለትም በሥርዓቱ ላይ ሙሉ ሥልጣን መያዝ፣ ግድ ይላል። ሩት ከተደረገም በኋላ ሁሉም ስልክ አንድ ዓይነት አይደለም፤ በአንዳንዱ ላይ ብዙ ዞኖች ምን ማለት እንደሆኑ በማይታወቅ ምህጻረ ቃል ተደርድረው ይገኛሉ፣ ከእነርሱም ውስጥ ሁልጊዜ ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች የሆነ የማይመስል ቁጥር የሚመልሱ አሉ። በዚህ ስልክ ላይ ግን ፈጣኖቹ ኮሮች፣ ቆጣቢዎቹ ኮሮች፣ ግራፊክሱ፣ የቻርጅ ተቆጣጣሪው፣ ቦርዱና ባትሪው እያንዳንዳቸው በሚገባ ስም ተጽፈዋል፤ የስልኩ ሥራ ሲለዋወጥም ቁጥሮቹ አብረው ይለዋወጣሉ። ይህን ያዘጋጁት መሐንዲሶች ማንም ያያል ብለው ሳይጠብቁ በጥንቃቄ ሠርተውታል፤ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

የዚህ ንባብ ዋጋ የሚታወቀው ፍጥነቱ መጨመር ሲጀምር ነው። ፕሮሰሰር የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ ያድጋል፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ ያድጋል። ስለዚህ ፍጥነቱን ከ2.0 ወደ 2.2 ጊጋኸርዝ ማሳደግ፣ ማለትም 10 በመቶ መጨመር፣ ስልኩ ሳይናወጥ እንዲሠራ 5 በመቶ ተጨማሪ ቮልቴጅ ከጠየቀ የኃይል ፍጆታው በ21 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። ያ ሁሉ ኃይል መጨረሻው ሙቀት ነው፤ ሲሊከኑ በጋለ ቁጥር ደግሞ ያለ ሥራ ሾልኮ የሚባክነው ኤሌክትሪክ ስለሚበዛ ሙቀቱ ራሱ ሌላ ሙቀት ይወልዳል። ፋን በሌለው፣ ዙሪያውን በታሸገና ከኪስ ወደ መዳፍ በሚመላለስ ዕቃ ውስጥ ይህ ሙቀት የሚወጣበት መንገድ ጠባብ ነው።

ከፍጥነቱ ይልቅ ቮልቴጁን መነካካት እንደሚሻል ያሳዩኝ እነዚሁ ሴንሰሮች ናቸው። ከፋብሪካው ውጭ የተዘጋጀው ከርነል የእያንዳንዱን የፍጥነት ደረጃ ቮልቴጅ ለብቻው ለማስተካከል ስለሚፈቅድ፣ ቮልቴጁን በትንንሽ እርከን ዝቅ እያደረግሁ፣ በየእርከኑም ስልኩን በከባድ ሥራ እየፈተንሁ የኮሮቹን ሙቀት መዘገብሁ። በመጨረሻ ፍጥነቱ 2.1 ላይ ሆኖ ሙቀቱ ፋብሪካው ካስቀመጠው ሁኔታ ብዙም የማይርቅበት ቦታ ተገኘ። በዚህ መንገድ የተገኘችው 5 በመቶ ለሌላ ሰው ትንሽ ልትመስል ትችላለች፤ እኔ ግን ጌም መካከል ላይ የማትጠፋ ፍጥነት በመሆኗ ከ2.2 ትበልጥብኛለች።

ሻጩ በዚህ ጊዜ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ፦ «ስልኩ ራሱን ይጠብቃል፤ ሲግል ፍጥነቱን በራሱ ይቀንሳል፤ አንተ ቁጥር እየተከታተልህ ምን ትጨነቃለህ?» መልሴ ይህ ነው። ስልኩ በእርግጥ የሙቀት ወሰኖች አሉት፤ የመጀመሪያው ወሰን ሲነካ ፍጥነቱ ይቀነሳል፣ የመጨረሻው ሲነካ ስልኩ ይዘጋል። ነገር ግን ያ ጥበቃ የተሰላው ለፋብሪካው ፍጥነትና ለፋብሪካው ከርነል ነው፤ ለኦቨርክሎክ የተዘጋጁ አንዳንድ ከርነሎች እነዚያን ወሰኖች ከፍ ያደርጓቸዋል፣ አንዳንዶቹም ጨርሰው ያነሷቸዋል፤ በእንዲህ ያለ ስልክ ላይ ጠባቂው ባለቤቱ ብቻ ነው። ወሰኖቹ ባሉበት ቢቀሩም እንኳ፣ ፍጥነቱ በየጊዜው እየተቀነሰ ከሆነ የተጨመረው 10 በመቶ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል፤ ይህንንም ማወቅ የሚቻለው ሙቀቱንና የወቅቱን ፍጥነት ጎን ለጎን በማንበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ስናፕድራጎን 810 የተባለው ፕሮሰሰር የተገጠመላቸው ስልኮች በመጋል ስማቸው በየቦታው ሲነሣ የታየውም ይኸው ነው፤ በማስታወቂያ ላይ የተጻፈው ጊጋኸርዝ ሙቀቱ እስከፈቀደለት ደቂቃ ድረስ ብቻ የሚቆይ ቁጥር ነው። ስለ ጊጋኸርዝ አፉን ሞልቶ የሚናገር ሻጭ ያ ጊጋኸርዝ በስንት ዲግሪ እንደሚያዝና ለስንት ደቂቃ እንደሚቆይ አብሮ ሊነግረን ይገባል።

የራስ ጥበቃው የማይሸፍነው ሌላም ነገር አለ። በብዙ ስልኮች ላይ ራሙ (ስልኩ እየሠራበት ያለውን መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ማህደረ ትውስታ) የሚቀመጠው በፕሮሰሰሩ ጀርባ ላይ ተደርቦ በመሆኑ የፕሮሰሰሩን ሙቀት በቀጥታ ይቀበላል፤ ራም ደግሞ ከ85 ዲግሪ በላይ ሲሆን የያዘውን መረጃ እንዳያጣ ቶሎ ቶሎ መታደስ አለበት። ኦቨርክሎክ ያደረጉ ሰዎች ስልካቸው ያለ ምክንያት ጠፍቶ ተነሣ ሲሉ ስሰማ ሁልጊዜ የምጠይቀው በዚያች ደቂቃ ኮሮቹ ስንት ዲግሪ እንደነበሩ ነው፤ ብዙዎቹ የሚመልሱልኝ የባትሪውን ቁጥር ነው። ባትሪውም ቢሆን የራሱ ወሰን አለው፤ አብዛኛው የሊቲየም አዮን ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ ቻርጅ እንዳይደረግ ይመከራል፣ ከዚያ በታችም ቢሆን እየሞቀ በቆየ መጠን ቶሎ ያረጃል። ስለዚህ ኦቨርክሎኩ በርቶ ጌም እየተጫወቱ ስልኩን ቻርጅ ማድረግን በጥብቅ እቃወማለሁ፤ የቻርጅ ተቆጣጣሪው የራሱን ሙቀት ሲጨምርበት የባትሪው ቁጥር እንዴት እንደሚወጣ በዚህ ስልክ ላይ በግልጽ ይታያል።

ከስልኩ ጀርባ የሚጣበቅ ኤሌክትሪክ ማቀዝቀዣ እንድገዛም ተመክሬ ነበር፤ ሞክሬዋለሁም። የጀርባውን መስታወት በእርግጥ ያቀዘቅዘዋል፤ የባትሪው ቁጥርም ወዲያው ይወርዳል፤ ሻጩ የሚያሳየውም ይህንኑ ነው። የኮሮቹ ንባብ ግን ከዚያ በጣም ባነሰ መጠን ይቀንሳል፣ ምክንያቱም በሲሊከኑና በጀርባው መካከል ሙቀቱ ሊያልፋቸው የሚገቡ ብዙ ንብርብሮች አሉ። የባትሪ ቁጥር ብቻ የሚያይ ሰው «በረደልኝ» ብሎ ፍጥነቱን ይጨምራል፤ አደጋው እዚህ ላይ ነው። አየሩ እርጥበት በበዛበት ጊዜ ደግሞ እጅግ የቀዘቀዘ ጀርባ ላይ ውኃ ሊቋጥር ይችላል፤ ለስልክ ከዚህ የከፋ ነገር የለም።

የምወቅሰው ነገር አለ። አምራቹ እነዚህን የመሰሉ ሴንሰሮች ተክሎ ሲያበቃ በራሱ የቅንብር ገጽ ላይ ለባለቤቱ የሚያሳየው «ስልክዎ ሞቋል» የሚል ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው አንድሮይድ 10 የሙቀት ሁኔታን ከ«ምንም» እስከ «መዘጋት» በ7 ደረጃዎች ከፍሎ ለመተግበሪያዎች ማሳወቅ ጀምሯል፤ ይህ መልካም ሥራ ነው፣ ነገር ግን ደረጃ እንጂ ዲግሪ አይደለም፤ በየትኛው ዲግሪ ላይ የትኛው ደረጃ እንደሚታወጅ የሚወስነውም አምራቹ ነው። ሩት ያላደረገ ባለቤት በገዛ ስልኩ ውስጥ ያለውን ቁጥር እንዳያይ የተደረገበት በቂ ምክንያት አይታየኝም። ቁጥሩን ማንበብ ብቻ ማንንም አይጎዳም፤ መጻፍና መለወጥ ከሆነ የሚያሰጋው እርሱን መከልከል ይቻላል።

ንባቡም በነፃ እንደማይገኝ መጥቀስ አለብኝ። በስክሪኑ ጠርዝ ላይ በየሰከንዱ የሚታደስ ቁጥር ኮሮቹ በጥልቀት እንዳያርፉ ስለሚቀሰቅሳቸው ስልኩ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ እንኳ ለብ ይላል። እኔ ጌም ወይም ቪዲዮ ማቀናበር ላይ ስሆን በየ5 ሰከንዱ እንዲነበብ፣ በሌላው ጊዜ ግን ጨርሶ እንዲዘጋ አድርጌዋለሁ፤ የኮሮቹ ሙቀት 85፣ የባትሪው ደግሞ 42 ሲደርስ ማስጠንቀቂያ ይሰማል፣ ወዲያውም ፍጥነቱ ወደ ፋብሪካው 2.0 ይመለሳል።

ግዢው አይቆጨኝም፤ አዲስ ሞዴል ወጣ እየተባልሁም አልተንቀሳቀስሁም። ተተኪውን የምገዛው ሻጩ ሩት የተደረገ ናሙና ሰጥቶኝ የሙቀት ዞኖቹን ዝርዝር በገዛ ዓይኔ ካነበብሁና ኮሮቹ፣ ግራፊክሱና ባትሪው ለየብቻቸው መለካታቸውን ካረጋገጥሁ ብቻ ነው። የጊጋኸርዙን ቁጥር የምጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው።