ሰኖ እና ሰኞ፦ የላፕቶፕ ስክሪን ስትመርጡ

ባለፈው ዓመት አንድ የስብሰባ ጥሪ አርሜ ላክሁ። ታትሞ ሲመጣ «ስብሰባው ሰኖ ጠዋት ይካሄዳል» ይላል። ሦስት ጊዜ አንብቤው ነበር እኮ! መነጽሬ አርጅቶ ይሆናል ብዬ ዓይን ሐኪም ጋ ሄድኩ። ዓይንህ ደህና ነው ተባልኩ። ያንኑ ፋይል በሌላ ሰው ላፕቶፕ ስከፍተው «ኖ» ፍጥጥ ብላ አየችኝ። የእኔው ባለ 15.6 ኢንች ላፕቶፕ 1366 በ768 ፒክሰል (ምስሉ የሚሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ነበር። እሱ ላይ «ኖ» እና «ኞ» መንትያ ናቸው።

ሰሞኑን ታዲያ የአክስቴ ልጅ «ላፕቶፕ ልገዛ ነው፣ አብረኸኝ ሂድ» ስትለኝ ያ «ሰኖ» ትዝ አለኝ። አራት ኪሎ ነው የምትማረው። ከክፍል ስትወጣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገብታ እስኪመሽ ታነባለች፣ ትጽፋለች። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ኮምፒዩተር ቤት ገባን። ሻጩ ጀመረ፦ «አይ ሰቨን ነው፣ 16 ራም፣ 512 ኤስኤስዲ፣ ባትሪው አሪፍ ነው።» ስክሪኑስ? አልኩት። «ስክሪኑማ ንጹህ ነው፣ ጭረት የለውም።»

ባንኮኒው ላይ የነበሩት ሁለቱ

ሁለቱም ያገለገሉ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ባለ 14 ኢንች ሞዴል ነው። ክዳኑን ብትዘጉት አንዱን ከሌላው አትለዩትም። አንደኛው ፕሮሰሰሩ (የኮምፒዩተሩ አንጎል) አይ ሰቨን ሆኖ ስክሪኑ 1366 በ768 ነው። ሁለተኛው አይ ፋይቭ ሆኖ ስክሪኑ ፉል ኤችዲ፣ ማለትም 1920 በ1080 ነው። ሻጩ አይ ሰቨኑን ወደ እኛ ገፋ ገፋ ያደርጋል።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ቲ480 ላይ በብዛት የሚገኙት አይ ፋይቭም አይ ሰቨንም አራት ኮር (ሥራ የሚካፈሉ አንጎሎች) ነው ያላቸው። ወርድ ለሚጽፍና ፒዲኤፍ ለሚያነብ ሰው ልዩነታቸው ብዙም አይታወቅም። የስክሪኑ ልዩነት ግን ላፕቶፑ በተከፈተ ቁጥር ፊት ለፊት ነው። የመጀመሪያው በጠቅላላው 1,049,088 ፒክሰል አለው፣ ሁለተኛው 2,073,600። እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው። በአንድ ኢንች ሲሰላ 112 እና 157 ፒክሰል ማለት ነው።

ለእኛ ፊደል ደግሞ ይህ ቀልድ አይደለም። ሰ እና ሸ፣ ነ እና ኘ፣ ተ እና ቸ፣ ደ እና ጀ፣ ዘ እና ዠ የሚለያዩት አናታቸው ላይ ባለች አንዲት መስመር ነው። ሳብዕና ካዕብም እንዲሁ በትንሽ ቀለበትና ጭራ ነው የሚለዩት። በ1366 ስክሪን ላይ ዊንዶውስ ጽሑፉን በ100 ፐርሰንት መጠን ሲያሳይ፣ በ11 ቁጥር የተጻፈ ፊደል ከነክፍተቱ የሚደርሰው 15 ፒክሰል ገደማ ቁመት ነው። ያችን መስመር፣ ቀለበቷንና አካሉን በዚያ ውስጥ ማጨቅ አለበት። ባለ 14 ኢንች ፉል ኤችዲ ላይ ግን ዊንዶውስ አብዛኛውን ጊዜ 150 ፐርሰንት ያደርገዋል። ያኔ 22 ፒክሰል ይደርሰዋል፣ ፊደሉም ይተነፍሳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። «ፉል ኤችዲ ብዙ ነገር በአንዴ ያሳያል» ይባላል። በ150 ፐርሰንት ሲሆን እንዲያውም ቦታው ከ1366ቱ ትንሽ ይጠባል፤ የምታተርፉት ጥራት ነው። ቦታም ከፈለጋችሁ ወደ 125 አውርዱት።

ፉል ኤችዲ ስለተባለ ብቻ

ሪዞሉሽኑ (የፒክሰሉ ብዛት) ጥሩ ሆኖ ፓነሉ፣ ማለትም ምስሉን የሚያሳየው የስክሪኑ አካል፣ መናኛ ሊሆን ይችላል። ሁለት ዓይነት ፓነል በብዛት ታገኛላችሁ፦ ቲኤን እና አይፒኤስ። ቲኤን ከፊት ሲያዩት ደህና ነው፤ ከታች ወደ ላይ ሲያዩት ቀለሙ ይገለበጣል፣ የሰው ፊት የፎቶ ኔጌቲቭ ይመስላል። አይፒኤስ ከየትም አቅጣጫ ቢታይ ብዙም አይለወጥም። ቲ480 ላይ 1366ቱ ቲኤን ነው፣ ፉል ኤችዲው አይፒኤስ ነው። በኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 ግን በዚህ አትተማመኑ፤ ፉል ኤችዲ ሆኖ ቲኤን ፓነል ያለውም ተሠርቷል። ኤችፒ ስፔኩ (የዕቃው ዝርዝር መግለጫ) ላይ «ኤስቪኤ» ካለ ቲኤን ነው በሉት፣ «ዩደብሊውቪኤ» ካለ አይፒኤስ።

ያገለገለ ዕቃ ስክሪኑ ተቀይሮም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሞዴሉ ስም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ካሜራው አጠገብ «ኤችዲ» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ደግሞ የካሜራው ነው፣ የስክሪኑ አይደለም።

ብርሃን

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ፀሐይዋ አትምርም። የስክሪን ብርሃን በኒት ይለካል። ርካሽ ፓነሎች 220 ወይም 250 ኒት ናቸው። ቤት ውስጥ ይበቃል። መስኮት አጠገብ ግን ከ300 በታች አልመክርም፣ 400 ካገኛችሁ እሰየው። ፒያሳ ካፌ በረንዳ ላይ ለሚሠራ ሰው 400ውም ቀጥታ ፀሐይ ሲያርፍበት ይሸነፋል፤ ወንበር ቀይሩ እንጂ ላፕቶፕ አትቀይሩ። የሚያብለጨልጭ ስክሪን ለፊልም ያምራል። ለሥራ ግን ደብዘዝ ያለ፣ የማያንጸባርቅ ገጽ ይሻላል። ከኋላችሁ ያለውን አምፖል ስታዩ አትውሉም።

ቀለም

ለጽሑፍ ብቻ ከሆነ እለፉት። የሠርግ ፎቶ የምታርሙ ወይም ዲዛይን የምትሠሩ ከሆነ ግን ስፔኩ ላይ «45 ፐርሰንት ኤንቲኤስሲ» (ስክሪኑ ምን ያህል ቀለም እንደሚያሳይ የሚለካበት) ያለውን ሽሹ። ቀዩ ጥለት የጡብ ቀለም ይመስላችኋል። እናንተ ታደምቁታላችሁ፣ ሲታተም ይጮኻል። 72 ፐርሰንት ኤንቲኤስሲ ወይም በሌላው የቀለም መለኪያ 100 ፐርሰንት ኤስአርጂቢ ፈልጉ። ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው።

ከዚያ በላይስ?

ፎርኬ፣ ማለትም 3840 በ2160፣ በ15.6 ኢንች ላይ ለእኔ ቅንጦት ነው። በ250 ፐርሰንት ሲታይ የሚሰጠው ቦታ ፉል ኤችዲ በ125 ፐርሰንት ከሚሰጠው ጋር እኩል ነው። ይጠራል፣ ባትሪም ይበላል። መብራት ሲጠፋ ያቺ ተጨማሪ ሰዓት ታስቆጫለች። ኦሌድ፣ ማለትም እያንዳንዱ ፒክሰል የራሱን ብርሃን የሚሰጥበት ስክሪን፣ ጥቁሩ ድቅድቅ ነው፣ ፊልም ሲያዩበት ሌላውን ያስረሳል። ነጭ ገጽ ላይ ለሚውል ሰው ግን ኃይል ይፈጃል፣ ሳይንቀሳቀስ የሚቆም ምስልም ከጊዜ በኋላ ጥላ ሊተውበት ይችላል። ገንዘብ ከተረፈ እኔ 1920 በ1200 እወስዳለሁ። ቁመቱ ላይ የምትጨመረው 120 ፒክሰል ለወርድ ገጽ ትልቅ ነገር ናት።

ማክቡክ ኤር ለሚፈልግ ዓመቱን ይጠይቅ። እ.ኤ.አ. የ2017ቱ 1440 በ900 ነው፣ ፓነሉም ቲኤን። ከ2018 እስከ 2020 የወጣው 2560 በ1600 ሆኗል። በውጭ ሲታዩ ዘመድ ይመስላሉ፣ ስክሪናቸው ግን አይተዋወቅም።

ሱቅ ውስጥ

ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። እኔ ሦስት ነገር ጭኜ ነበር፦ በ11 ቁጥር የተጻፈ አንድ ገጽ አማርኛ፣ የቤተሰብ ፎቶ፣ ሙሉ ጥቁርና ሙሉ ነጭ ምስል። ነጩ ላይ የሞተ ፒክሰልና የተጫነ ቦታ የሚተወው ነጣ ያለ ነጠብጣብ ይታያል። ጥቁሩን መብራት አስጠፍታችሁ እዩት፤ ጠርዙ ላይ ብርሃን የሚያፈስ ከሆነ ያኔ ይጋለጣል። ፎቶውን ከፍታችሁ ቁጭ ብድግ በሉ። ሻጩ ይስቃል፣ ይሳቅ። ከዚያ ዴስክቶፑ ላይ ራይት ክሊክ፣ ዲስፕሌይ ሴቲንግስ፤ «ዲስፕሌይ ሪዞሉሽን» በሚለው ቦታ «ሪኮመንድድ» ከሚለው አጠገብ ያለው ቁጥር የስክሪኑ ነው።

የአክስቴ ልጅ ሁለቱንም ቲ480 ጎን ለጎን አስከፍታ ያችኑ ገጽ አወጣች። አይ ሰቨኑ ላይ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ተጠጋች። አይ ፋይቩ ላይ ወደ ኋላ ተደግፋ አነበበች።

«ይሄኛው» አለች።

ሻጩ «አይ ሰቨኑን ትታችሁ?» ብሎ ተገረመ። ከዚያ እሱም ጎንበስ ብሎ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ አየና፦

«ብራዘር፣ ይህቺን ፋይል ኮፒ ላድርጋት?»