ጎንደር ላይ ያስገጠምኩት ሰብዉፈር፤ ስለ ዕቃው፣ ስለ አገጣጠሙና ስለ እርማቱ

ከጥምቀት በኋላ በጎንደር ፒያሳ አካባቢ ከሚገኙት የመኪና ድምፅ ዕቃ ሱቆች በአንዱ፣ ለቶዮታ ኮሮላዬ ሰብዉፈር የሚባለውን የወፍራም ድምፅ ስፒከርና ኃይል የሚሰጠውን አምፕሊፋየር ገዝቼ እዚያው አስገጥሜያለሁ። ግምገማዬን ለመጻፍ አራት ወር የጠበቅሁት፣ እንዲህ ያለው ሥራ በተገጠመበት ዕለት ሁልጊዜ ደስ የሚያሰኝ ሆኖ ጉድለቱ የሚገለጠው መኪናው በመንገድ ሲንገላታና ሞተሩ ሲግል ስለሆነ ነው። የሱቁን ስም አልጠቅስም፤ ስህተታቸውን አምነው አርመዋል፣ ተመሳሳይ አሠራርም በሌሎች ቦታዎች ስላየሁ አንዱን ብቻ ነጥሎ ማስወቀስ ተገቢ አልመሰለኝም።

የመረጥኩት ሰብዉፈር የፓዮኒር ቲኤስ-ኤ300ዲ4 የተባለው ባለ 12 ኢንች ነው። በካርቶኑ ላይ ጎልቶ የተጻፈው 1,500 ዋት ከፍተኛው የቅጽበት አቅሙ ሲሆን፣ ያለማቋረጥ የሚሸከመው ግን 500 ዋት ነው፤ አምፕሊፋየር ሲመረጥ መታየት ያለበትም ይህ ሁለተኛው ቁጥር ነው። ሻጩ ይህንን ልዩነት ሳልጠይቀው ስለነገረኝ አመሰግነዋለሁ፤ ትልቁን ቁጥር ብቻ አሳይቶ መሸጥ ይችል ነበርና። ስፒከሩ የኤሌክትሪክ ተቃውሟቸው እያንዳንዳቸው 4 ኦም የሆነ ሁለት የሽቦ ጥቅልሎች አሉት፤ ጎን ለጎን ሲያያዙ 2 ኦም፣ ተከታትለው ሲያያዙ ደግሞ 8 ኦም ይሆናሉ። የገዛሁት አምፕሊፋየር በ2 ኦም 500 ዋት የሚሰጥ ባለ አንድ ቻናል ስለሆነ ጎን ለጎን ተያያዙ፤ እስከዚህ ድረስ ምርጫውም አያያዙም ትክክል ነበር።

አገጣጠሙን የሠራው ወጣት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ 5 ሰዓት ሳይሞላ ጨረሰ። ፍጥነቱ ያን ዕለት አስደስቶኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ወደ ባሕር ዳር ስጓዝ፣ አዘዞን እንዳለፍኩ ሁለት ነገሮች ታወቁኝ፤ አንደኛ፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ ወፍራም ምት ሲመጣ አምፕሊፋየሩ ለአፍታ ጠፍቶ እንደገና ይበራ ነበር፤ ሁለተኛ፣ ነዳጅ በረገጥኩ ቁጥር ከስፒከሮቹ ቀጭን ፉጨት እየወጣ፣ የሞተሩ ፍጥነት ሲጨምር አብሮ እየቀጠነ ይሰማ ነበር። 180 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ ይህን ፉጨት እየሰማሁ መጓዝ ምን ያህል እንደሚያሰለች የደረሰበት ያውቀዋል።

ስመለስ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ወጣቱ ሰብዉፈሩ ተበላሽቶ ሊሆን እንደሚችል ገምቶ በሌላ ሊቀይረው ሲነሳ፣ በዕድሜ ከፍ ያሉት ባለሙያ አስቆሙትና ቴስተር ይዘው መጡ። የዚህ ሱቅ ትልቁ ሀብት እኚህ ሰው ናቸው። ሞተሩን አስነስተው፣ ድምፁን ከፍ አስደርገው መጀመሪያ የለኩት ባትሪውን ነው፤ 13.4 ቮልት አሳየ፣ ይህም ዲናሞው በደህና እየሠራ መሆኑን ይነግራል። ቀጥለው አምፕሊፋየሩ ላይ ሲለኩ ወፍራሙ ምት በመጣ ቁጥር ወደ 10.2 ቮልት ይወርድ ነበር። ብዙ አምፕሊፋየሮች ወደ 10 ቮልት ሲጠጉ ራሳቸውን ለመጠበቅ ስለሚጠፉ፣ የመጥፋቱ ምክንያት እዚሁ ላይ ታወቀ። የቀረው ጥያቄ ከ3 ቮልት በላይ የሆነው ኃይል በየት በኩል እንደሚባክን ነበር። የቴስተሩን አንዱን ጫፍ በባትሪው ነጌቲቭ፣ ሌላውን በአምፕሊፋየሩ ማሳ፣ ማለትም ኃይሉ በመኪናው ላሜራ በኩል ወደ ባትሪው በሚመለስበት ብሎን ላይ አድርገው ሲለኩ 2.4 ቮልት ተነበበ፤ ይህ ቁጥር በጤነኛ አገጣጠም ከ0.5 ቮልት በታች መሆን ይገባዋል።

«ጋሼ፣ ማሳው አልያዘም፤ ዕቃው ደህና ነው» አሉኝ።

የማሳው ገመድ የታሰረው ከኋላ መቀመጫ ሥር ባለ ብሎን ላይ ሲሆን፣ ከብሎኑ ሥር ያለው ቀለም አልተፋቀም ነበር። ቀለም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ስለዚህ ለ500 ዋት የሚያስፈልገው ወደ 45 አምፔር የሚጠጋ ኃይል የሚመለሰው በብሎኑ ጥርስ በኩል ባገኘው ጠባብ መንገድ ብቻ ነበር። ባለሙያው ከአምፕሊፋየሩ ከግማሽ ሜትር በማይርቅ ቦታ ላሜራው እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው፣ የገመዱን ጫፍ በብሎን አጥብቀው፣ ዝገት እንዳይዘው ከላይ ግሪስ ቀቡት። እንደገና ሲለካ 0.1 ቮልት ሆነ። የቀረውን ጉድለት ያመጣው የፖዘቲቩ ገመድ ነበር፤ ጫፉን በቢላ ሲልጡት ከላይ መዳብ የተለበጠ አልሙኒየም መሆኑ ታየ፣ ውፍረቱም በላስቲኩ ላይ ከተጻፈው 4 ጌጅ ያነሰ ነው። በሙሉ መዳብ ቀይረውልኛል። ገመድ የሚገዛ ሰው ጫፉን አስልጦ ውስጡ ነጭ መሆን አለመሆኑን ሳያይ ገንዘብ ባይከፍል እመክራለሁ።

ማሳው ሲስተካከል ፉጨቱም በአብዛኛው ጠፋ፤ ይህ ለእኔ አዲስ ትምህርት ነበር። የአምፕሊፋየሩ ማሳ ደካማ ሲሆን ኃይሉ ድምፁን ከቴፑ በሚያመጣው የሲግናል ገመድ መከለያ በኩል መመለሻ ይፈልጋል፣ የዲናሞውም ጩኸት በዚያው መንገድ ወደ ድምፁ ይገባል። የተረፈው ጥቂት ፉጨት የመጣው የሲግናሉ ገመድ ከፖዘቲቩ ገመድ ጋር በአንድ ናስትሮ ተጠቅልሎ በሾፌሩ በኩል በመዘርጋቱ ነበር። የሲግናሉን አውጥተው በሌላው በር በኩል ሲያሳልፉት ፈጽሞ ቆመ።

በቁም ነገር የምወቅሳቸው ግን በፉጨቱም በመጥፋቱም አይደለም። ፊውዙ የተገጠመው ከኋላ፣ አምፕሊፋየሩ አጠገብ ነበር። ፊውዝ የሚጠብቀው ከእርሱ በኋላ ያለውን ገመድ ነው፤ ስለዚህ ከባትሪው ተነስቶ በሞተሩ ጎን፣ በላሜራ ቀዳዳ፣ በምንጣፍ ሥር እስከ ኋላ የሚሄደው አምስት ሜትር ያህል ገመድ ያለ ምንም ጥበቃ ቆይቷል። ያለፈበት የላሜራ ቀዳዳም ጎሚኒ አልነበረውም። በኮረኮንች ላይ መኪናው ሲንቀጠቀጥ የላሜራው ስለት ላስቲኩን ቢበላው፣ ባትሪው ያለውን ኃይል ሁሉ በዚያ ገመድ ይለቅቅና ምንጣፉን እስከ ማቃጠል ይደርስ ነበር። ልጆቼ የሚቀመጡት ከዚያ ገመድ በላይ ነው። ይህን ሳስብ ሦስት ቀን ሙሉ ምን ይዤ ስጓዝ እንደነበር ገብቶኝ ደነገጥኩ፤ ንዴቴንም ለባለቤቱ በግልጽ ተናግሬያለሁ። አሁን የአምፕሊፋየሩን ሁለት ባለ 30 ፊውዞች ድምር ያህል የሆነ ባለ 60 አምፔር ፊውዝ ከባትሪው ከ45 ሴንቲ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ተገጥሟል፣ ቀዳዳውም ጎሚኒ ገብቶለታል። ማንኛውም ደንበኛ መኪናውን ከመረከቡ በፊት ኮፈኑን አስከፍቶ ፊውዙ ባትሪው አጠገብ መኖሩን በዓይኑ ማየት አለበት።

ከዚያ በኋላ የተደረገው የድምፅ ማስተካከል የሥራው ሁሉ ጥሩው ክፍል ነው። ወጣቱ በመጀመሪያው ቀን የአምፕሊፋየሩን ጌን እስከ መጨረሻው ከፍቶት ነበር፤ ጌን ግን የድምፅ መጨመሪያ ሳይሆን ከቴፑ የሚመጣውን ሲግናል ከአምፕሊፋየሩ ጋር ማመጣጠኛ ነው፣ ሲበዛም ሞገዱ እየተቆረጠ ጥቅልሉን ያቃጥላል። ባለሙያው የሰብዉፈሩን ገመድ ነቅለው፣ የ50 ኸርዝ ድምፅ ከፍላሽ አጫውተው፣ ቴፑን ሦስት አራተኛ ላይ አድርገው፣ መውጫው ወደ 31.6 ቮልት እስኪደርስ ጌኑን ቀስ እያሉ አስተካከሉት፤ በ2 ኦም 500 ዋት የሚሆነው በዚህ ቮልት ነው።

ወፍራሙን ድምፅ ብቻ ወደ ሰብዉፈሩ የሚያሳልፈውን ማጣሪያ ነጥብ ስንመርጥ ያሬዳዊ ዝማሬ አጫወትን። ለሰብዉፈር ከዚህ የተሻለ ፈተና አላውቅም፤ ከበሮ በሰፊው ፊቱ ሲመታ ያለው ወፍራም ድምፅና የጽናጽሉ ቀጭን ድምፅ በአንድ ጊዜ ስለሚሰሙ፣ የቱ ከየት መምጣት እንዳለበት ጆሮ ወዲያው ይለያል። ማጣሪያው 150 ኸርዝ ላይ ሳለ የዘማሪዎቹ ድምፅ ሳይቀር ከኋላ ከሳጥኑ ይመጣ ነበር። ወደ 80 ኸርዝ ሲወርድ ዝማሬው ወደ ፊት ሄደ፣ ከበሮውም ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ መኪናውን ሞላው። ይህን በሰማሁ ጊዜ ገንዘቤ በከንቱ እንዳልወጣ ተሰማኝ።

የሰብዉፈሩ ሳጥን ኤምዲኤፍ ከሚባለው የተጨመቀ የእንጨት ጣውላ የተሠራ ዝግ ሳጥን ነው፤ ሥራው ጥሩ ነው። የኋላው ታርጋ ሲንቀጠቀጥ ያሰማ የነበረውን ድምፅ ከጀርባው ቀጭን ጎማ በመለጠፍ አጥፍተውታል። የእጅ ዋጋው 2,500 ብር ነበር፤ ለእርማቱና ለተቀየረው ገመድ ምንም አልጠየቁኝም። ዋስትናው ግን ለዕቃው ብቻ ሦስት ወር ሲሆን ለአገጣጠሙ የጽሑፍ ዋስትና አይሰጡም፤ ጉድለቱ በሙሉ ከአገጣጠሙ ስለመጣ ይህ አሠራር መለወጥ አለበት።

ዕቃ ለመግዛት ወደዚያ ሱቅ ያለ ሐሳብ ሰው እልካለሁ። ለመግጠም ከሆነ ግን አንጋፋው ባለሙያ ባሉበት ቀን እንዲሄድ፣ ቴስተሩም እርሱ ፊት እንዲወጣ እንዲጠይቅ እነግረዋለሁ። እኔም ክረምቱ እንደወጣ የማሳውን ብሎን አስፈትቼ ዝገት ይዞት እንደሆነ ለማየት ከእኚሁ ባለሙያ ጋር ቀጠሮ ይዣለሁ።