ድመታችሁ ትኩሳት ከያዘው «ሙሉ ፓኬጅ» እንዳትገዙ

የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፣ ድመት ያላችሁ ሁሉ ይህችን አንብቡልኝ። ሰሞኑን እዚህ ደሴ «የትኩሳት ፓኬጅ» የሚባል ነገር እየተሸጠ ነው። ሦስት መርፌ፣ አንድ ቪታሚን፣ ከዚያ እቤት የሚሰጥ ኪኒን። ክፍያው በቅድሚያ ነው። እኔ ሁለት ሺህ ብር ከፍዬበታለሁ፣ ድመቴ ግን የዳነው በሌላ ነገር ነው። የሻጩን ስም አልጠራም፣ ጸብ አያሻኝም። አሠራሩን ግን ልንገራችሁ።

ነብሮ የሚባል ወንድ ድመት አለኝ። ሸዋ በር አካባቢ ጣራ ለጣራ ሲዞር የሚያድር፣ ከሠፈሩ ድመት ሁሉ የሚቧቀስ ጉልቤ ነው። ድንገት ምግብ ዘጋው። ሥጋ ስሰጠው አሽትቶ ፊቱን ያዞራል፣ ሰውነቱ ደግሞ እሳት ነው። ሰዎች ጠቆሙኝና ቤት ድረስ እየመጣ ያክማል የተባለውን ሰውዬ ጠራሁት።

ነብሮ ማንደጃው ሥር ተኮማትሮ ተኝቷል፤ የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ። ሰውየው ጆሮውን ዳበስ አደረገና «ትኩሳት ነው፣ ምች መትቶታል» አለኝ። በቃ፣ ምርመራው ይቺው ነች። ቴርሞሜትር የለ፣ አፉን ከፍቶ ማየት የለ፣ ሆዱን መዳሰስ የለ። ከሰል ሥር የተኛ ድመት ጆሮው ባይሞቅ ነበር የሚገርመው! ከዚያ ከጃኬቱ ኪስ አስቀድሞ የተሞላ ሲሪንጅ አወጣ። እስኪ ብልቃጡን ያሳዩኝ ስለው «ባሳይሽስ ታውቂዋለሽ እንዴ የኔ እህት?» ብሎ ሳቀብኝ። ወጋው። ደረሰኝ ስለው ደግሞ «ስንጨርስ» አለ።

ማታ ነብሮ ብድግ ብሎ ወተት ጠጣ። ሰውየው ደወለና «አላልኩሽም?» አለኝ። ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው። ትኩሳት የሚያበርድ መርፌ፣ በሽታው ምንም ይሁን ምን፣ ለተወሰነ ሰዓት ትኩሳቱን ያወርደዋል። ድመቱ የዳነ ይመስላል፣ እናንተም ታመሰግናላችሁ፣ ሥሩ ግን እንዳለ ነው። ነብሮም ወዲያው ተመልሶ ወደቀ። ስደውልለት መልሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ፓኬጁን ጨርሺ፣ ካልሆነ አንድ እንጨምርለታለን።»

ከሁሉ የባሰው ግን ኪኒኑ ነው። «ግማሽ ግማሽ እየሰበርሽ ስጪው» ብሎ የተወልኝ ፓራሲታሞል ነበር። አዎ፣ እኛ ራሳችንን ሲያመን የምንውጠው። አንዱን ሳልሰጠው፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የሚማር የጎረቤት ልጅ ቡና ሊጠጣ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ አየውና «ኧረ በአላህ እትዬ፣ ይሄማ ይገለዋል!» ብሎ ጮኸ። እውነቱን ነው። የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን እንደ ሰው ጉበት አጣርቶ ማስወገድ አይችልም። መርዙ ቀይ የደም ሴሎችን ያበላሻል፣ ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። አንድ ባለ 500 ሚሊግራም ኪኒን ድመት ሊገድል ይችላል። ለድመት «ትንሽ ከሆነ ችግር የለውም» የሚባል መጠን የለውም።

በዚያው ልጅ ጥቆማ ወደ ትክክለኛ የእንስሳት ሐኪም ወሰድኩት። ሐኪሟ መጀመሪያ ያነሳችው ቴርሞሜትር ነው። ቫዝሊን ቀብታ በፊንጢጣው አስገባች፣ 40.3 አለ። የጤነኛ ድመት ሙቀት ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ከኛ ይበልጣል፤ ስለዚህ በእጅ ሲዳሰስ ሁሌም ሞቅ ይላል። ከዚያ ጥያቄ ጀመረች። ይወጣል? ይጣላል? ተከትቧል? ቁንጫ አለው? ድዱን አየች፣ ሆዱን ዳሰሰች። ቀጥላ በጣቶቿ ጸጉሩን ወደ ኋላ እየገለበጠች ከአንገቱ ጀምራ ወረደች። ጭራው ሥር ስትደርስ ነብሮ ጮኸ። ጸጉሩን ላጨችው። ምስር የምታክል ቅርፊት ነበረች። ቅርፊቷን ስታነሳት መግሉ ዱብ አለ፣ ሽታው ክፍሉን ሞላው።

ለካ ሌላ ድመት ነክሶት ኖሯል። የድመት ጥርስ ቀጭን ስለሆነ ጠልቆ ይገባል፣ ቆዳው ቶሎ ይገጥማል፣ ጀርሙ ውስጥ ይቀራል፣ ከጥቂት ቀን በኋላ መግል ይቋጥራል። ውጪ ለሚዞር ድመት «ምክንያቱ ያልታወቀ» ትኩሳት ብዙ ጊዜ ይሄው ነው። መግሉ ሳይወጣ መርፌ ብቻ ቢደረደርበት ምን ዋጋ አለው? ታጠበ፣ በክብደቱ ልክ ተለክቶ መድኃኒት ተሰጠው፣ ዳነ። ሒሳቡ፣ ከነመድኃኒቱ፣ ከፓኬጁ ግማሽ አልሞላም።

የሁሉም ድመት ትኩሳት ንክሻ ነው እያልኩ አይደለም። ካስነጠሰው፣ ዓይኑ ካነባ ወይም ምላሱ ከቆሰለ ቫይረስ ሊሆን ይችላል፣ ቫይረስን ደግሞ አንቲባዮቲክ አይገድለውም። ድዱ ከነጣ ቀይ የደም ሴል ላይ የሚጣበቅ ተህዋስ ሊኖርበት ይችላል፣ ቁንጫ ያስተላልፈዋል ተብሎ ይታመናል። ሆዱ ከተነፋ ሌላ ነው። ለዚህ ሁሉ አንድ ዓይነት መርፌ የሚሸጥ ሰው የሚሸጠው ሕክምና አይደለም። በነገራችን ላይ ጠባዩ ድንገት የተቀየረ፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ ሰው ላይ የሚዘል ድመት ካጋጠማችሁ ቴርሞሜትር ምናምን እንዳትሉ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ድመትንም ይይዛል። አትንኩት። ከነከሳችሁ ወይም ከቧጨራችሁ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና ታጥባችሁ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ብሬን ላስመልስ ብዬ ሰውየው ጋ ሄጄ ነበር። «መርፌው ለድመትሽ ተብሎ ተቀድቷል፣ ማን ይገዛኛል?» አለኝ። ደረሰኝ የለኝ፣ የመድኃኒቱን ስም አላውቅ፣ በምን ልከሰው? ስለዚህ ሙቀቱን ሳይለካና ሳይመዝን መርፌ የሚያወጣ ሰው ከመጣባችሁ በሩን አሳዩት። ብልቃጡን ከነስሙ ከነማብቂያ ቀኑ ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንሱ፣ እንቢ ካለ አትክፈሉ። በቅድሚያ የሚከፈል መርፌ የሚባል ነገር ጭራሽ እንዳትቀበሉ።

ፓራሲታሞሉን አስቀድማችሁ የሰጣችሁ ካላችሁ አሁኑኑ የድመታችሁን ከንፈር ገልጣችሁ ድዱን እዩ። ቡናማ ወይም ሰማያዊ ከመሰለ፣ ፊቱ ወይም መዳፉ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ነገ አትበሉ። ምልክት ባታዩበትም ኪኒኑን ከዋጠ ሐኪም ጋ ውሰዱት፣ የኪኒኑን ማሸጊያም ይዛችሁ ሂዱ።