ለድሬ ሙቀት የቱ ይሻላል? ፋን፣ ኤር ኩለር ወይስ ኤሲ

ግንቦትና ሰኔ ድሬዳዋ ላይ ከባድ ናቸው። የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፣ ሲብስበትም ያልፋል። ግድግዳው ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ስለሚለቀው እንቅልፍ የለም። ታይዋን ወይም አሸዋ ገበያ ወርዳችሁ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ሦስቱን ላነጻጽርላችሁ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ አቅማችሁ ለአንድ ዕቃ ብቻ ከሆነ የጣሪያ ፋን ግዙ።

ፋን አየሩን አያቀዘቅዝም። ላባችን ቶሎ እንዲተን ያደርጋል፣ የሚቀዘቅዘው ገላችን ነው። ስለዚህ ሰው በሌለበት ክፍል ከፍቶ መሄድ መብራት ማባከን ነው። የሚበላው 60 ዋት ገደማ ነው። በቀን 10 ሰዓት ቢሠራ በወር 18 ኪሎዋት ሰዓት ቢሆን ነው። የጣሪያውን ከቁሙ የማስበልጠው ንፋሱ ለመላው ክፍል ስለሚዳረስና ሕፃን ጣቱን ስለማያስገባበት ነው። አዙሪቱ ሲዳከም ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የካፓሲተሩ (ሞተሩ እንዲነሳና እንዲዞር የሚያግዘው ትንሽ ዕቃ) ነው፣ እሱን ደግሞ ማንኛውም ኤሌክትሪሺያን ይቀይረዋል። ኮርኒሱ ዝቅ ያለ ቤት ግን የቁሙን ይያዝ። መብራት ቶሎ ቶሎ ለሚጠፋበት ሰፈር ቻርጅ የሚደረግ ትንሽ ፋን መደረብ አይከፋም። አንድ ነገር ግን አትርሱ፦ አየሩ ራሱ ከ35 ዲግሪ በላይ ሲሆን ፋን የሚያመጣው ትኩስ ንፋስ ነው። አረጋዊ ወይም ሕመምተኛ ያለበት ቤት በፋን ብቻ መተማመን የለበትም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኤር ኩለር ላይ ነው። አንዳንድ ሻጭ "ተንቀሳቃሽ ኤሲ" ብሎ ይሸጠዋል። ኤሲ አይደለም! መለየት ቀላል ነው። ኤሲ ኮምፕረሰር (ማቀዝቀዣ ጋዙን የሚጨምቀው ሞተር) አለው፣ ሙቀቱንም በቱቦ ወይም ውጭ በሚሰቀለው ክፍሉ በኩል ከቤት ያስወጣል። ውሃ የሚሞላበት ታንከር ብቻ ኖሮት ወደ ውጭ የሚወጣ ቱቦ ከሌለው ኩለር ነው።

ኩለር የሚሠራው ውሃ በማትነን ነው። አየሩ ደረቅ ሲሆን ጥሩ ነው፣ የድሬ ግንቦትም ይመቸዋል። ክረምት ገብቶ አየሩ ሲረጥብ ግን ይሰንፋል። መስኮት ዘግታችሁ ከሠራችሁበት ደግሞ ክፍሉ ይወብቃል፤ እርጥበቱ መውጫ ይፈልጋል። አቅሙንም ልኩን እንወቅ። ባለ 1.5 ፈረስ ጉልበት ኤሲ በአንድ ሰዓት የሚያስወጣውን ሙቀት በትነት ለማስወጣት 5 ሊትር ያህል ውሃ መትነን አለበት። "አንዴ ከሞላኸው ሌሊቱን ሙሉ ይበቃሃል" የሚባልለት ባለ 5 ሊትር ኩለር ምን ያህል እንደሚያቀዘቅዝ ከዚህ ገምቱ። በረዶ መጨመሩም ያን ያህል ለውጥ አያመጣም።

ሌላው ጣጣ ውሃው ነው። የድሬ ውሃ ማዕድን ይበዛበታል፤ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር አይታችሁታል። ያው ነገር የኩለሩ ማርጠቢያ (አየሩ የሚያልፍበት እርጥብ ንጣፍ) ላይ ይጋገርና አየር ማሳለፉን ይቀንሰዋል። አቼቶ በውሃ በጥብጣችሁ ማርጠቢያውን እየዘፈዘፋችሁ እጠቡት። መለዋወጫ ማርጠቢያ መኖሩንም ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣለትና ከጀሪካን ለሚቀዳ ቤት እኔ ኩለር አልመክርም። ውሃ ለማይቸግረው፣ በር ከፍቶ ለሚሠራ ሱቅ ወይም ሰፊ ሳሎን ግን ተገቢ ዕቃ ነው። መብራትም ከኤሲ በብዙ ያንሳል፣ መካከለኛው 150 ዋት አካባቢ ነው።

ኤሲ እውነተኛ ቅዝቃዜ ይሰጣል፣ ጥያቄው ቆጣሪው ነው። ባለ 1.5ቱ ኮምፕረሰሩ ሲሠራ 1,100 ዋት ገደማ ይስባል። በቀን 8 ሰዓት ሳያቋርጥ ቢሠራ በወር 264 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ የመብራት ታሪፍ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በእርከን ይወደዳል። ስለዚህ ኢንቨርተር የተባለውን ምረጡ። ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ኃይሉን ቀነስ አድርጎ ይቀጥላል፣ እንደ ድሮው እየጠፋ እየተነሳ አይስብም። ለቤቱ በሙሉ ሳይሆን ለአንድ መኝታ ቤት ግዙ፤ 26 ዲግሪ ላይ አድርጋችሁ ከፋን ጋር ብታሠሩት ይበቃል። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ከሆነ ግን መጀመሪያ ኮርኒሱን አሠሩ፣ አለዚያ ብሩ በጣሪያው ይወጣል።

ሐረር ያላችሁ ወገኖች ኤሲ አያስፈልጋችሁም። ከተማችሁ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ድሬ ደግሞ 1,200 አካባቢ። ለሞቃት ቀን አንድ የቁም ፋን ትበቃችኋለች።

ድሬ ላይ ኤሲ የምታስገጥሙ ደግሞ የውጩን ክፍል የከሰዓት ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ላይ አታሰቅሉት። የራሱ መስመርና ብሬከር ይኑረው፤ ቮልቴጅ ከፍ ዝቅ በሚልበት ሰፈር ስታብላይዘርም አብራችሁ ግዙ።