18,500 ብር ለ«ጉባኤ አስተርጓሚነት» ከመክፈላችሁ በፊት

ሰሞኑን በቴሌግራም የሚዘዋወር ማስታወቂያ አለ። «ከፍተኛ የኮንሰኪዩቲቭ ትርጉም ሥልጠና ለዓለም አቀፍ ጉባኤዎች» ይላል። በአምስት ቅዳሜ ያልቃል። ዋጋው 18,500 ብር ነው። መጨረሻ ላይ የሚሰጠውን ሰርተፍኬት የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ይቀበሉታል ተብሏል። ባለፈው ዙር ከፍዬ፣ እስከ መጨረሻው ቀን ተከታትዬ ወጥቻለሁ። እባካችሁ ብራችሁን አትስጡ።

ሥልጠናውን የሚሰጠውን ድርጅት ስም እዚህ አልጽፍም። አቤቱታዬ ገና እየታየ ነው። ደግሞም ያንኑ ማስታወቂያ ስም ብቻ ቀይረው የሚለጥፉ ሌሎችም አይቻለሁ።

ሥራውን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። በኮንሰኪዩቲቭ ተናጋሪው አምስት ስድስት ደቂቃ ሳያቋርጥ ይናገራል። አስተርጓሚው እያዳመጠ ማስታወሻ ይይዛል። ከዚያ ተራው ሲደርስ ንግግሩን በሌላው ቋንቋ፣ ራሱ እንደተናገረው አድርጎ፣ ሙሉውን ያቀርባል። ቡዝ (አስተርጓሚ የሚቀመጥበት ድምፅ የማያስገባ ክፍል) የለም፣ ጆሮ ማዳመጫ የለም። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ሥራ ሞልቷል። የልዑካን ውይይት አለ፣ ጋዜጣዊ መግለጫ አለ፣ የፕሮጀክት የመስክ ጉብኝት አለ። ደህና አስተርጓሚ ሁልጊዜ ይፈለጋል። ሰው ማስታወቂያውን አይቶ የሚከፍለውም ለዚህ ነው።

ይህን ሙያ የሚያስተምር ሰው ዋና ሥራው እናንተን መስማት ነው። ትናገራላችሁ፣ ይሰማል፣ የጣላችሁትን፣ የጨመራችሁትንና ያዛባችሁትን ይነግራችኋል። ከዚያ እንደገና ትናገራላችሁ። ገንዘብ የሚከፈለው ለዚህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ቤት ተቀምጦ የሚነበብ ነው።

እኛ ያገኘነው ምንድን ነው? አንድ አዳራሽ፣ ከ40 በላይ ሰው፣ አንድ አሰልጣኝና አንድ ፕሮጀክተር። የመጀመሪያው ቀን ግማሹ በታሪክ አለቀ። እ.ኤ.አ. የ1919ኙ የፓሪስ የሰላም ጉባኤ፣ ከዚያ የኑረምበርግ የጦር ወንጀል ችሎት። ታሪኩ ትክክል ነው፣ ግን ለእሱ ብሎ የከፈለ ሰው አልነበረም። በቀጣዩ ቅዳሜ ከ200 በላይ የማስታወሻ መያዣ ምልክቶች የታተሙበት ወረቀት ታደለን። «ሸምድዳችሁ ኑ» ተባልን።

እዚህ ላይ በጣም ነው የተናደድኩት። አስተርጓሚው ዣን ፍራንሷ ሮዛን የማስታወሻ አያያዝን ከጄኔቫ ልምዱ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1956 ሲጽፍ ያስቀመጣቸው ምልክቶች 20 ብቻ ናቸው። የእሱ ትኩረት ሌላ ነው፦ ቃሉን ሳይሆን ሐሳቡን ጻፍ፣ ሐሳብ ከሐሳብ የሚያያዝበትን እንዳትስት፣ አሉታውን በጉልህ አሳይ፣ ከላይ ወደ ታች ጻፍ። ዛሬም በየአስተርጓሚ ትምህርት ቤቱ ልምምዱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሰው ራሱ ያልፈጠረው ምልክት ንግግሩ ሲፈጥን እጁ ላይ አይመጣለትም። ሚኒስትር ፊት ቆሞ «ይቺ ሦስት ማዕዘን ምን ነበረች?» ብሎ ማሰብ የት ያደርሳል?

ልምምድ የተባለው በሦስተኛው ቅዳሜ መጣ። አሰልጣኙ ከወረቀት ላይ በአማርኛ ያነባል፣ አንድ ሰው ተነስቶ በእንግሊዝኛ ይመልሳል። አንዲት ጎበዝ ልጅ ተነሳች። ጽሑፉ ውስጥ «ከየካቲት 1966ቱ አብዮት በኋላ» የሚል ነበረበት። እሷም በእንግሊዝኛ 1966 ብላ አለፈች። እዚያው ላይ ስብሰባው «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» እንደሚጀምር ተነገረ፤ እሱንም ሦስት ሰዓት ብላ አስተላለፈች። አሰልጣኙ «ኤክሰለንት!» ብሎ አስጨበጨበላት።

ለውጭ ሰው ያ ዓመት 1974 ነው፣ ያ ሰዓት ደግሞ ዘጠኝ ነው። ከአማርኛ የሚሠራ አስተርጓሚ ገና ከጅምሩ መልመድ ያለበት ይህንን ነው። ቁጥሩ በየትኛው አቆጣጠር እንደተነገረ ማስታወሻው ላይ ምልክት ያደርግና ሲናገር ይቀይራል። ልጅቷ ጥፋት የለባትም፤ ያላስተማራት ሰው አለ። እጄን አውጥቼ ስናገር «ዝርዝሩ በማስተር ክላሱ ይመጣል» ተባለ። ማስተር ክላሱ ለብቻው ይከፈልበታል። ብዙዎቻችን አንድ ጊዜ እንኳ ሳንነሳ ሥልጠናው አለቀ።

አሁን ወደ ሰርተፍኬቱ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ስድስት ኦፊሴላዊ ቋንቋዎች አሉት፦ አረብኛ፣ ቻይንኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ሩሲያኛና ስፓኒሽ። አማርኛ የለበትም። እዚሁ አዲስ አበባ ያለው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የሚሠራው በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በአረብኛ ነው። ታዲያ የአማርኛና እንግሊዝኛ ሥልጠና ሰርተፍኬት ይዛችሁ የትኛው ቡዝ ውስጥ ትገባላችሁ? የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቋሚ አስተርጓሚ የሚቀጥረው በራሱ ፈተና ነው፣ በየትኛውም የቅጥር ደረጃ ላይም ገንዘብ አይጠይቅም።

ማስታወቂያው ላይ የዓለም አቀፉ የጉባኤ አስተርጓሚዎች ማኅበር ዓርማም አለ። እ.ኤ.አ. በ1953 የተመሠረተው ይህ ማኅበር የግለሰብ አስተርጓሚዎች ማኅበር ነው። አባል የሚሆነው በጉባኤ ላይ የሠራ ሰው ነው፤ ለዚያውም ነባር አባላት ሥራውን አይተው ሲመሰክሩለት። በአምስት ቅዳሜ ወረቀት የሚገባበት በር የለም።

ሙያውን ከልባችሁ የምትፈልጉ፣ በአህጉራችን የማስተርስ ፕሮግራም ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ናይሮቢ አለ፣ ጋና አለ፣ ካሜሩን ውስጥ ቡዌያ አለ። ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃሉ፣ እውነት ነው። አጭር ሥልጠና ሁሉ ከንቱ ነውም አልልም። ግን ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ። ክፍሉ ውስጥ ስንት ሰው ነው? እኔ በየቀኑ ስንት ደቂቃ እናገራለሁ? ማን ይሰማኛል? እሱስ በየትኛው ጉባኤ፣ ከየትኛው ቋንቋ ወደ የትኛው ሠርቷል? አንድ ክፍለ ጊዜ ገብቼ ማየት እችላለሁ? እኔ አሥር ሰው ካለፈ አልገባም። የልምምድ ንግግር ብቻ ከሆነ የቸገራችሁ፣ የተወካዮች ምክር ቤትን ስብሰባ ከፍታችሁ አምስት ደቂቃ አዳምጡ፣ አቁሙ፣ ከማስታወሻችሁ እየተናገራችሁ በስልካችሁ ቅዱ። ከዚያ ለሥራ ባልደረባችሁ አሰሙት። ይህ ምንም አያስከፍልም፣ ካየነው ሥልጠናም እጅግ ይበልጣል።

የክፍያው ነገር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ብሩ የገባው በግለሰብ ስም በተከፈተ የቴሌብር ቁጥር ነው። ደረሰኝ ስንጠይቅ «ስክሪንሾቱ ይበቃል» አሉን። አይበቃም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፣ አሳሳች ማስታወቂያንም ይከለክላል። ገንዘቤን መልሱልኝ ስል ያገኘሁት መልስ በማስተር ክላሱ ላይ የ30 በመቶ ቅናሽ ነው።

አስቀድማችሁ የከፈላችሁ ካላችሁ፣ ክፍለ ከተማችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ በጽሑፍ አመልክቱ። ያላችሁን የክፍያ መልእክት ሁሉ አያይዙ። ማስታወቂያውንም አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት። የእኛ ዙር ማስታወቂያ ከቻናሉ ላይ ተሰርዟል፤ «ኅብረቱ ይቀበለዋል» ማለታቸውን ማሳየት የቻልኩት ቀድሜ ባስቀመጥኩት ምስል ብቻ ነው።