ግራቪሊያችንን በሰላም ላወረዱልን ልጆች

ይህን የምጽፈው ሐዋሳ ላላችሁ ነው። በተለይ ግቢያችሁ ውስጥ ትልቅ ዛፍ ኖሮ ደመና በጠቆረ ቁጥር ቀና እያላችሁ ለምትሰጉ። ዛፍ የሚቆርጡና የሚንከባከቡ ልጆች ቤታችን መጥተው ነበር። ሥራቸው ልቤን ስላሳረፈው ሳላመሰግን ማለፍ ከበደኝ።

ቤታችን ታቦር ተራራ ሥር ነው። ከአጥሩ ጥግ አንድ ረጅም ግራቪሊያ ነበረን። ግራቪሊያን መቼም ታውቁታላችሁ፤ ቶሎ ያድጋል፣ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ቅርንጫፉ ግን ተሰባሪ ነው። የኛው ደግሞ ከዓመት ዓመት ወደ ጎረቤት ቆርቆሮ እያዘነበለ ሄደ። ሥሩ በአንድ በኩል ምስጥ ገብቶበት ተቦርቡሯል። ከምሰሶ ወደ ቤታችን የሚገባው የመብራት ሽቦም በቅርንጫፎቹ መሀል ያልፋል። ጎረቤታችን እትዬ ጨዋ ሰው ናቸው፤ አንድ ቀን "ቁረጡልኝ" ብለው አያውቁም። ንፋስ ሲነሳ ግን የልጅ ልጆቻቸውን ከዚያኛው ክፍል ሲያስወጡ አያለሁ። ከንግግር በላይ እሱ ነው ያሳፈረኝ።

በመጀመሪያ ሌሎች ሰዎች መጥተው ነበር። ዋጋቸው ርካሽ ነው። አንደኛው ገና ቀና ብሎ ሳያይ "ከሥር በመጥረቢያ እንመታውና ወደ ግቢ እንጥለዋለን" አለ። የቱ ግቢ? ግቢያችን ከዛፉ ቁመት ያንሳል! አመስግኜ ሸኘኋቸው።

እነዚህኞቹን የጠቆመኝ ችግኝ የሚሸጥ ሰው ነው። (የዛፍ ባለሙያ ስትፈልጉ ችግኝ የሚሸጡትን ጠይቁ፤ ከደላላ ይሻላል።) ዋናው ሰውዬ ወጣትነቱን ያሳለፈው ወንዶ ገነት በቀን ሠራተኝነት ነው። እዚያ ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ የደን ባለሙያ የሚያሠለጥን ኮሌጅ አለ፤ አሁን በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። ተማሪዎቹ ሲማሩ እሱ ገመድ እየያዘ ያዳምጥ ነበር። "ዲግሪ የለኝም እህቴ፣ ጆሮ ግን ነበረኝ" አለኝ እየሳቀ።

የመጀመሪያ ቀን ባዶ እጁን ነው የመጣው ማለት ይቻላል። ዛፉን ዞረው። ግንዱን በመጥረቢያ ጀርባ ከታች ወደ ላይ መታ መታ እያደረገ አዳመጠ። ምስጥ በበላው በኩል ድምፁ ይለወጣል፤ እኔም ጭምር ሰማሁት። ቀጭን ብረት ቢሰድበት እስከ ክንድ ገባ። ከዚያ ቀና ብሎ ረጅም ሰዓት አየ። "ይሄ ግንድ ሰው አይሸከምም። ገመዱን የምናስረው ከላይኛው ጤነኛ ክፍል ላይ አይደለም፣ ከጎኑ ካለው ዋንዛ ላይ ነው" አለ።

ቀጥሎ ስለ ሽቦው ጠየቀ። ታናሽ ወንድሜ "ቆጣሪውን እናጠፋዋለን" ሲለው ራሱን ነቀነቀ። ቆጣሪው ቢጠፋም ከምሰሶ እስከ ቆጣሪው ያለው ሽቦ ኃይል እንዳለው ነው። ይሄንን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። እርጥብ ቅርንጫፍም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሄደን አመልክተን፣ ባለሙያ መጥቶ ከምሰሶው ላይ እስኪያቋርጠው ድረስ ሥራ አልጀመረም። ከቀበሌም ጠይቁ ያለን እሱ ነው፤ አገር በቀል ዛፍ ሲሆን ደግሞ ዝም ብላችሁ መጋዝ እንዳታነሱ ብሎናል።

ዋጋ ላይ ግልጽ ነው። "እንጨቱ ለእናንተ ከሆነ ይሄን ያህል፣ ለኛ ከሆነ ይሄን ያህል እቀንሳለሁ" ብሎ ሁለቱንም ነገረን። እናቴ ማገዶ ስለምትፈልግ ግማሽ በግማሽ ተስማማን። ጉቶ መንቀል ለብቻው ይከፈላል፤ ይሄን ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

የሥራውን ቀን ብታዩት! አንዱ ልጅ ዋንዛው ላይ ወጥቶ ቀበቶውን አሰረ፣ ሄልሜቱን አጠለቀ። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ከመቆረጡ በፊት በገመድ ይታሰራል። ገመዱ በዋንዛው መንታ ቅርንጫፍ ላይ ያልፍና ታች ያለው ልጅ ግንዱ ላይ ጠምጥሞ ይይዘዋል። ላይ ያለው ልጅ መጀመሪያ ቅርንጫፉን ከሥር በኩል ትንሽ ይቆርጣል፤ ከዚያ ራቅ ብሎ ከላይ። ከሥር ካልተቆረጠ ቅርንጫፉ ሲወድቅ ልጡን ይዞ ይገነጠላል። "ያዝ!" ይላል ከላይ። "ይዣለሁ!" ይላል ከታች። ከዚያ ያ ሁሉ ቅርንጫፍ ቀስ እያለ፣ እንደተኛ ሕፃን አልጋው ላይ ይወርዳል። እትዬ በረንዳቸው ላይ ቆመው "በስመ አብ" እያሉ ሲያዩ ቆዩ። ቆርቆሯቸው ላይ ጭረት እንኳን አልተገኘም። የሞተር መጋዙ ጩኸት ግን ከባድ ነው፤ ሕፃን ያለበት ቤት ካለ ቀድማችሁ ለጎረቤት ንገሩ።

ሌላው ያስደሰተኝ የአቮካዶው ነገር ነው። እናቴ የተከለችው አሮጌ አቮካዶ አለን። ፍሬው ቀንሷል፣ ያፈራውንም ጦጣ ይቀድመናል። አብሮ ይቆረጥ የሚል ሐሳብ በቤት ውስጥ ነበረ። ሰውዬው እናቴን "እማማ፣ ይቺ አልሞተችም፣ ታፍናለች" አላት። ለካ ግቢውን ስናስነጥፍ ሲሚንቶው እስከ ግንዷ ድረስ ተጠግቷል። የአቮካዶ ሥር ደግሞ ብዙው ላይ ላዩን ነው የሚሄደው፤ አየርና ውሃ ይፈልጋል። ዙሪያዋን ሲሚንቶውን ሰብረው አነሱ። ሥሩን ላለመጉዳት በዶማ ሳይሆን በእጅ ነው አፈሩን የነካኩት። የራሷን ደረቅ ቅጠል መልሰው አለበሷት፤ ግንዱን ግን አላስነኩትም፣ እርጥበት ይዞ እንዳያበሰብሰው።

ከዚያ የደረቁትንና እርስ በርስ የሚፋተጉትን ቅርንጫፎች ብቻ ቀነሱላት። እናቴ "ለምን አናቷን አትሉትም?" አለች። ሰፈራችን ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። እሱ እንቢ አለ። አናቱ የተመታ ዛፍ ከቁስሉ ዙሪያ ቀጫጭን ቅርንጫፍ በብዛት ያበቅላል፤ እነሱ ናቸው በኋላ በንፋስ የሚገነጠሉት። ቅርንጫፍ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ያበጠ ቀለበት የመሰለ ነገር አለ። ጣቴን ይዞ አስነካኝ። ከዚያ ወጣ ብሎ ነው የሚቆረጠው፤ ያ ቀለበት ካልተነካ ዛፉ ቁስሉን ራሱ ይዘጋዋል። ፀሐይ አዲስ ያገኛቸውን ቅርንጫፎች በበጠበጠው ኖራ ቀባቸው። የአቮካዶ ልጥ በፀሐይ ይቃጠላል አለን። አሁን ግቢያችን ውስጥ ነጭ ካልሲ ያደረገች አቮካዶ ቆማለች፤ ልጆቹ ይስቁባታል። ታፈራ አታፈራ ገና ነው፤ ቅጠሏ ግን አዲስ ጥቅጥቅ ብሎ እየወጣ ነው።

እንከን የላቸውም አልልም። ቀጠሮ ላይ ይዘገያሉ፤ "ጠዋት" ካሉ ረፋድ ነው። የመጋዙ ብናኝም ልብስ ማስጫው ላይ ሁሉ ገብቶ ነበር። ርካሽ አይደሉም። የሰው ጣሪያ ከሰበራችሁ በኋላ ከሚመጣው ወጪና ጭቅጭቅ አንጻር ግን ለኔ ተገቢ ዋጋ ነው። ግቢውን ጠርገው፣ ማገዶውን በልክ በልኩ ፈልጠው ደርድረው፣ እናቴ ያፈላችውን ቡና እስከ በረካ ጠጥተው ነው የሄዱት።

ልጆች፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እጃችሁ ይባረክ። ከፍታ ላይ የምትውሉ ናችሁና ፈጣሪ ይጠብቃችሁ።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እልክላችኋለሁ። ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ወረፋ ስለሚበዛባቸው ቶሎ በሉ። ስትደውሉም በጠዋት ይሁን። ከረፋድ በኋላ ሰውዬው ዛፍ ላይ ስለሚሆን አያነሳም።