ሳቦኒስ ወይስ ያሲኬቪቹስ?

የሊትዌኒያ የምንጊዜም ምርጥ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ማን ነው ሲባል ብዙው ሰው ሳያስብ አርቪዳስ ሳቦኒስ ይላል። እኔም እዚያው ነኝ፣ ግን ሻሩናስ ያሲኬቪቹስም ዝም ብሎ የሚታለፍ ሰው አይደለም።

ሳቦኒስ 2 ሜትር ከ21 ሆኖ ኳስ የሚያቀብለው እንደ አጭር ተጫዋች ነበር፤ ወደ ኋላ ሳያይ ሁሉ! የአሜሪካው ሊግ የኤንቢኤ ቡድን ፖርትላንድ የመረጠው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፣ የሄደው ግን በ1995፣ የተረከዙ ጅማት ደጋግሞ ከተበጠሰ በኋላ፣ 30 ዓመት ሞልቶት። ያኔም ተጋጣሚዎቹን አስቸገራቸው። በጤናው ቢሄድስ ኖሮ? የ1988 የሴኡል ኦሎምፒክ ወርቁ በሶቪየት ማሊያ ነው፤ ለሊትዌኒያ ራሷ በ1992 እና በ1996 ነሐስ አመጣ።

ያሲኬቪቹስ ደግሞ ኤንቢኤ ላይ አልሆነለትም። አውሮፓ ላይ ግን ትልቁን የክለቦች ዋንጫ ዩሮሊግን ከባርሴሎና፣ ከማካቢ ቴል አቪቭ (ሁለቴ) እና ከፓናቲናይኮስ ጋር በላ። በ2003 ሊትዌኒያን የአውሮፓ ሻምፒዮን አደረገ፣ ሳቦኒስ ለነጻዋ አገሩ ያላመጣውን ወርቅ ማለት ነው። በ2004 አቴንስ ላይ አሜሪካን 94 ለ90 ሲረቱ 28 ነጥብ ያገባው እሱ ነው።

በዋንጫ ከሆነ ያሲኬቪቹስ፣ በችሎታ ከሆነ ግን ሳቦኒስ፤ ለኔ ችሎታው ይበልጣል።